«ኔትወርክ የለም» ሲባል የትኛው ነው የሌለው?

ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃታል። «ኔትወርክ የለም» ይባላል፤ ሥራው ባለበት ይቆማል፤ አንዱ ብድግ ብሎ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል። አንዳንዴ ይሳካለታል። ሳይሳካለት ሲቀር ደግሞ ሌላ የሚነካው ነገር ስለማያውቅ መልሶ ያንኑ ይነቅላል።

በኔትወርክ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት የገባኝ ነገር ቢኖር ይህች አባባል የአንድ በሽታ ስም አለመሆኗ ነው። «አሞኛል» እንደማለት ናት። ሐኪም «የቱ ጋ?» ሳይል መድኃኒት አይጽፍም። ኔትወርክም እንዲሁ ነው። የተበጠሰው ሽቦው ሊሆን ይችላል፤ ግራ የተጋባው ስዊቹ (የቢሮውን ገመዶች የሚያገናኘው ዕቃ)፣ የጠፋው አድራሻው፣ መንገድ ያጣው ራውተሩ፣ ወይም ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት ሊሆን ይችላል። አምስቱም ስክሪን ላይ የሚያሳዩት ያው የማይከፈት ገጽ ነው። መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም።

ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካለችው ሽቦ እንነሳና አንድ መልእክት የሚያልፍባቸውን ዕቃዎች በመንገዱ ቅደም ተከተል እንያቸው። ሲቋረጥ የቱ ጋ እንደተቋረጠ ለማወቅ መንገዱን ማወቅ ግድ ነው።

ኔትወርክ ሌላ፣ ኢንተርኔት ሌላ

ሁለት ኮምፒውተሮችን በአንድ ገመድ ካገናኛችሁ ኔትወርክ ሠርታችኋል። ፋይል ይላላካሉ፣ አንዱ የሌላውን ፕሪንተር ይጠቀማል። ኢንተርኔት የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ የለም፤ አያስፈልግምም። እንዲህ በአንድ ቤት፣ በአንድ ቢሮ ወይም በአንድ ሕንፃ ውስጥ የተወሰነውን ኔትወርክ ላን እንለዋለን። ኢንተርኔት ማለት በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ኔትወርኮች እርስ በርሳቸው ተያይዘው የፈጠሩት ትልቁ ኔትወርክ ነው።

ይህን ልዩነት መያዝ ብቻውን ግማሹን ግራ መጋባት ያስቀራል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የቢሮው ፕሪንተር መሥራቱን ይቀጥላል፣ የጋራ ፋይል ያለበት ሰርቨርም ይከፈታል። እነሱ የሚነጋገሩት በራሳችሁ ስዊች በኩል ነው፤ ከግቢ ውጭ አይወጡም። እንግዲያው ኔት ሲጠፋ የመጀመሪያው ጥያቄ «ፕሪንተሩ ይሠራል ወይ?» መሆን አለበት። የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ በሩ ላይ ወይም ከበሩ ወዲያ ነው። ፕሪንተሩም ከጠፋ ችግሩ እዚሁ፣ እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ነው።

ስምንቱ ሽቦዎች

የኔትወርክ ገመድ ሽፋኑን ስትልጡት ስምንት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ታገኛላችሁ። ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዘዋል፤ ብርቱካናማው ከነጭ ብርቱካናማው ጋር፣ አረንጓዴው ከነጭ አረንጓዴው ጋር፣ ሰማያዊውና ቡናማውም እንዲሁ። ብዙ ሰው መጠማዘዙን ለአያያዝ እንዲመች የተደረገ ይመስለዋል። የገመዱ ሙሉ ምስጢር ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

በአንድ ጥንድ ላይ የሚላኩት ሁለት ምልክቶች ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ፣ ለምሳሌ አጠገቡ ከሚያልፍ የመብራት መስመር የሚመጣው፣ ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ይነካቸዋል። ተቀባዩ የሚያነበው ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ሁለቱም ላይ እኩል የተጨመረ ነገር ልዩነቱን ስለማይለውጠው ረብሻው እዚያው ይጣፋል። እኩል እንዲነካቸው ግን ሁለቱ ሽቦዎች አንድ ቦታ ላይ መሆን አለባቸው፤ ለዚህ ነው የሚጠማዘዙት። አራቱ ጥንዶች የተጠማዘዙበት ልክ እንኳ ይለያያል፤ አንዱ ጥንድ ሌላውን እንዳይረብሽ ነው።

ጫፉ ላይ የምትገባው ግልጽ ፕላስቲክ አርጄ 45 ትባላለች። በብዛት የሚሠራበት የቀለም አደራደር ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። ልብ ብላችሁ እዩት፤ አረንጓዴው ጥንድ ጎን ለጎን አልተቀመጠም። ሰማያዊውን ጥንድ መሐል አድርጎ 3ኛና 6ኛ ላይ ተለያይቶ ተቀምጧል። ይህ የሆነው 3ኛውና 6ኛው ቦታ አንድ ጥንድ ሆነው ስለሚሠሩ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ቢሮ ውስጥ አዲስ የተዘረጋ መስመር አላስችል አለን። ኮምፒውተሩ ተገናኝቷል ይላል፣ ፋይል ሲጫን ግን ይንቀረፈፋል፣ መሐል ላይ ይቋረጣል። ገመዱን በቴስተር ስንፈትሸው ከ1 እስከ 8 ያሉት መብራቶች በተራ በተራ በሩ፤ ማለትም ጤነኛ ነው አለን። ስዊቹን ቀየርን፣ ኮምፒውተሩን ቀየርን። በመጨረሻ ጫፏን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ ቀለሞቹን ሳነብ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ገመዱን የሠራው ሰው ቀለሞቹን ለዓይን በሚያምር መንገድ፣ እያንዳንዱን ጥንድ ጎን ለጎን ደርድሯቸዋል። ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ስላደረገው ኤሌክትሪኩ ያልፋል፣ ቴስተሩም ያሳልፈዋል። ነገር ግን 3ኛና 6ኛ ላይ ያሉት ሽቦዎች አንዷ ከአረንጓዴ፣ አንዷ ከሰማያዊ የመጡ ባዕዳን ሆነዋል። አብረው ስላልተጠማዘዙ ረብሻው አይጣፋም። ገመዱ አጭር ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሳይታወቅ ይኖር ነበር፤ በረዘመ ቁጥር ግን ይብሳል።

ሌላም የምወዳት ምልክት አለች። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚሄደው የተለመደው የኢተርኔት (የገመዱ ኔትወርክ አሠራር) ዓይነት የሚጠቀመው ሁለት ጥንድ ብቻ ነው፤ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛና 6ኛ ላይ ያሉትን። አንድ ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ ላይ አንዲት ሽቦ ብትበጠስ ብዙ ጊዜ ግንኙነቱ አይጠፋም፤ ዝም ብሎ ከ1,000 ወደ 100 ይወርዳል። ኮምፒውተራችሁ የግንኙነቱን ፍጥነት ከሚያሳይበት ቦታ ላይ 100 የሚል ካያችሁ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ ጊጋቢት ሆነው ሳለ፣ መጀመሪያ ገመዷን ጠርጥሩ።

ይህን ካነሳን አይቀር፣ ቢትና ባይት አይምታቱባችሁ። የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው፤ የፋይል መጠን በባይት። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። 100 ሜጋቢት መስመር በሴኮንድ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ነው የሚያወርደው። «የገዛሁት 100 ነው፣ የሚወርደው 12 ነው» የሚል ሰው መስመሩ ምንም አልጎደለበትም።

የመዳብ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ አይዘረጋም። ከዚያ ካለፈ ፋይበር ነው። በፋይበር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ ለረጅም ርቀት በሚሠራው ዓይነት ብርሃኑ የሚያልፍበት የመስታወት እምብርት ስፋቱ 9 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጠጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ። ቻርልስ ካኦ ንጹሕ መስታወት መልእክትን ሩቅ ሊያደርስ እንደሚችል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን በ2009 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። እምብርቱ እንዲህ ከመቅጠኑ የተነሳ ጫፉ ላይ ያረፈች ብናኝ ብቻ መስመሩን ልታደክመው ትችላለች። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ የፋይበር ጫፍ ውስጥ በዓይናችሁ አትዩ። ብርሃኑ ለዓይን የማይታይ ዓይነት ነው፤ ጨለማ መስሏችሁ ስታዩት ዓይናችሁን ሊጎዳው ይችላል።

ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 10,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰርቨር ጥያቄያችሁ ደርሶ መልሱ እስኪመለስ፣ ሌላ ምንም መዘግየት ሳይጨመር፣ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ይፈጃል። የመስመሩን ስፋት፣ ማለትም በሴኮንድ የሚያሳልፈውን መጠን፣ እጥፍ ብትገዙ ይህችን ጊዜ አትቀንሷትም። ስፋትና መዘግየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትልቅ ፋይል የሚያወርድ ሰው የሚፈልገው ስፋት ነው፤ በቪዲዮ የሚነጋገር ወይም ጌም የሚጫወት ሰው የሚያማርረው ግን መዘግየቱን ነው።

ስዊች እንዴት ያውቃል?

ከኮምፒውተሩ ኔትወርክ ካርድ ላይ ከፋብሪካ የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ ማክ አድራሻ ይባላል። 48 ቢት ነው፤ ግማሹ የአምራቹ መለያ ነው፣ ግማሹን አምራቹ ለእያንዳንዱ ካርድ ይሰጠዋል። በአንድ ላን ውስጥ ዕቃዎች የሚፈላለጉት በዚህ ቁጥር ነው።

ድሮ ገመዶቹ ሁሉ የሚገቡት ሀብ የሚባል ዕቃ ላይ ነበር። ሀብ አእምሮ የለውም። በአንዱ ፖርት (የገመድ መሰኪያ) የገባውን በሌሎቹ ሁሉ ይበትነዋል። ሃያ ሰው ባለበት ክፍል አንዱ ለአንዱ የሚናገረውን ሃያውም ይሰማል፤ ሁለት ሰው አብሮ ከተናገረ ደግሞ ይጋጭና ሁለቱም እንደገና መጀመር አለባቸው።

ስዊች መልኩ ሀብን ይመስላል፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። መብራት ሲሰጠው ባዶ ሠንጠረዥ ይዞ ይነሳል፤ ማን የት እንዳለ ምንም አያውቅም። ከፖርት 3 አንድ መልእክት ሲገባ የላኪውን ማክ አድራሻ ያነብና «ይህ ሰው ፖርት 3 ላይ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ተቀባዩን ገና ስለማያውቀው ለጊዜው ለሁሉም ይልከዋል። ተቀባዩ ከፖርት 7 ሲመልስ «እሱ ደግሞ 7 ላይ ነው» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል የሚሄደው ከ3 ወደ 7 ብቻ ነው፤ ሌላው አይሰማም፣ አይረበሽም። ድምፁ ለጥቂት ደቂቃ የጠፋን ሰው ደግሞ ከመዝገቡ ይሰርዘዋል። ማንም ሳያስተምረው፣ የሚያልፈውን እያየ ብቻ ይማራል። ይህን አሠራር ባየሁት ቁጥር ያስደንቀኛል፤ ቀላል ነው፣ ግን በዓለም ላይ ያለ ቢሮ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

አንድ ድካም ግን አለው። «ለሁሉም» ተብሎ የተላከ መልእክት በሁሉም ፖርት ይወጣል። አንድ ሰው መሬት ላይ የወደቀ የገመድ ጫፍ አይቶ፣ ለበጎ ብሎ፣ ሌላኛው ጫፍ ቀድሞ የተሰካበት ስዊች ላይ መልሶ ቢሰካው ምን ይሆናል? መልእክቱ በአንዱ ፖርት ይወጣል፣ በሌላው ይገባል፣ እንደገና ለሁሉም ይበተናል፣ እንደገና ይገባል። የሚያቆመው የለም። በሴኮንዶች ውስጥ መስመሩ በዚያ አንድ መልእክት ቅጂ ይጥለቀለቃል። ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ እንደ እብድ ይርገበገባሉ፣ ፎቁ በሙሉ ከሥራ ውጭ ይሆናል። ራውተር ነቅሎ መሰካት እዚህ ምንም አይፈይድም። መድኃኒቱ ያችን ገመድ መንቀል ነው፤ ካላወቃችኋት አንድ በአንድ እየነቀሉ መብራቱ የሚረጋበትን ማየት።

ራዲያ ፐርልማን የተባለች መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1985 ስዊቾች እርስ በርሳቸው ተነጋግረው እንዲህ ያለውን ቀለበት እንዲያገኙና አንዱን መንገድ እንዲዘጉ የሚያደርግ ዘዴ ሠርታለች። ስፓኒንግ ትሪ ይባላል። በትልልቆቹ ስዊቾች ውስጥ አለ፤ ርካሾቹና ትንንሾቹ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ከግቢ ውጭ

ማክ አድራሻ የሚያገለግለው ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ሰው በስሙ ሰፈሩ ውስጥ ይፈለጋል፤ በዓለም ሁሉ ውስጥ ግን በስም ብቻ ሰው አይገኝም፣ የሚኖርበት መታወቅ አለበት። አይፒ አድራሻ ይህን ነው የሚናገረው። 192.168.1.25 የሚል አድራሻ ከተሰጣችሁና አጠገቡ 255.255.255.0 የሚል ማስክ ካለ፣ ማስኩ የሚለው «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ግቢውን፣ የመጨረሻው እናንተን ያመለክታል» ነው።

ኮምፒውተራችሁ ማንኛውንም መልእክት ከመላኩ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ተቀባዩ ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ነው?» ከሆነ «ይህ አይፒ የማን ነው?» ብሎ ለግቢው ሁሉ ይጮሃል፤ ባለቤቱ ማክ አድራሻውን ይነግረዋል፤ በስዊች በኩል በቀጥታ ይልክለታል። ካልሆነ ግን ተቀባዩን ለማግኘት አይደክምም። ለበረኛው ይሰጠዋል። በረኛው ራውተር ነው፤ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ጌትዌይ ተብሎ የተጻፈው አድራሻ የእሱ ነው።

ሩቅ የሚሄድ መንገደኛን አስቡ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው መድረሻ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አይለወጥም፤ የሚሳፈርበት መኪና ግን በየመናኸሪያው ይቀየራል። መድረሻው አይፒ ነው፤ መኪናው ማክ ነው። እያንዳንዱ ራውተር መልእክቱን ከመጣበት መኪና ያወርደዋል፣ መድረሻውን ያነባል፣ ሠንጠረዡን አይቶ ወደሚቀጥለው ራውተር በሚሄድ አዲስ መኪና ያሳፍረዋል። የትኛውም ራውተር መንገዱን ሙሉ በሙሉ አያውቅም። የሚያውቀው ቀጣዩን መናኸሪያ ብቻ ነው።

ስዊቹ ላይ ያየነው ማለቂያ የሌለው መሽከርከር እዚህ አይደርስም። እያንዳንዱ መልእክት ላይ ቁጥር ተጽፎበት ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ 64 ወይም 128 ነው። ያገኘው ራውተር ሁሉ አንድ ይቀንስለታል፤ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። መንገድ የሳተ መልእክት ለዘላለም አይንከራተትም።

የሚጓዘው ደግሞ ፋይሉ እንዳለ አይደለም። በኢተርኔት ላይ አንድ ፓኬት፣ ማለትም ተቆርጦ የሚላክ ቁራጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ባይት አይበልጥም። የ3 ሜጋባይት ፎቶ ስትልኩ ከ2,000 በላይ ፓኬት ሆኖ ይቆራረጣል። የተለያየ መንገድ ሊሄዱ፣ ቅደም ተከተላቸው ተዛብቶ ሊደርሱ፣ አንዳንዶቹም ሊጠፉ ይችላሉ። ቲሲፒ የሚባለው ሥርዓት ቁጥር ሰጥቶ ይልካቸዋል፤ ተቀባዩ ጋ በቁጥራቸው ይሰበሰባሉ፤ የጎደለ ካለ ይደገማል። የድምፅና የቪዲዮ ንግግር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ድጋሚ መላክ የለም። ከሁለት ሴኮንድ በፊት የጠፋ ቃል አሁን ቢመጣ ማንን ይጠቅማል? ድምፁ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው።

መቆራረጡ ለምን አስፈለገ ለሚል ሰው፣ አንዱ ትልቅ ፋይል የጋራውን መስመር ለብቻው እንዳይዘው ነው። በፓኬት ሲሆን የእናንተ አጭር መልእክት ከሌላው ሰው ፊልም ቁራጮች መሐል ገብታ ታልፋለች። የኢንተርኔት እናት የሆነው አርፓኔት የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። የመጀመሪያው መልእክት የተላከው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1969 ሲሆን «ሎግኢን» (LOGIN) የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ሊጽፉ ጀምረው ሦስተኛዋ ፊደል ላይ ሲደርሱ የተቀባዩ ኮምፒውተር ወደቀ። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን የነደፉት ቲሲፒ አይፒ የአርፓኔት ሥርዓት የሆነው ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1983 ነው፤ ዛሬም የምንጠቀመው እሱን ነው።

ቤት ያለችው ሣጥን

ቤት ውስጥ «ራውተር» የምንላት ሣጥን ብዙ ዕቃ በአንድ ልብስ ናት። ከአገልግሎት ሰጪው የሚመጣውን ምልክት የሚተረጉም ሞደም፣ ግቢውን ከውጭ የሚያገናኝ ራውተር፣ ከጀርባዋ አራት ፖርት ያለው ስዊች፣ ዋይፋይ የሚያሰራጭ አክሰስ ፖይንት፣ ያልተጋበዘን የሚያግድ ፋየርዎል፣ አድራሻ የሚያድል አገልግሎት፤ ይህ ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። ትልቅ ድርጅት ውስጥ እነዚህ ለየብቻቸው ራክ በሚባል የዕቃ መደርደሪያ ላይ ተሰቅለው ታዩዋቸዋላችሁ።

አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ይባላል። ስልካችሁ ዋይፋይ ላይ ሲገባ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሣጥኗ አይፒ፣ ማስክ፣ ጌትዌይና የስም አገልጋዩን አድራሻ ለተወሰነ ጊዜ ታከራየዋለች። ሰጪ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ለራሱ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣል። ይህን ቁጥር ካያችሁ ትርጉሙ «ጠየቅሁ፣ ማንም አልመለሰልኝም» ነው። በተቃራኒው ሰጪ ሲበዛም ችግር ነው። አንድ ሰው ከቤቱ ያመጣውን ራውተር የቢሮ ኔትወርክ ላይ ሲሰካው ሁለት አዳይ ይፈጠራል፤ ከሰው ግማሹ የተሳሳተ ጌትዌይ ይደርሰውና «ለእኔ የለም፣ ለሱ አለ» የሚባል እንቆቅልሽ ይጀመራል።

በ192.168 እና በ10 የሚጀምሩ አድራሻዎች የግል ናቸው፤ በሚሊዮን ቤቶች ውስጥ ያው ቁጥር አለ፣ ኢንተርኔት ላይ ግን አይታወቁም። ይህ የሆነበት ምክንያት ቀድሞ የተሠራው የአይፒ ዓይነት ባለ 32 ቢት በመሆኑ ነው፤ ከ4.3 ቢሊዮን ያነሰ አድራሻ ብቻ ይሰጣል። በዓለም አቀፉ ቋት የነበረው ነፃ አድራሻ እ.ኤ.አ. በ2011 አለቀ። ስለዚህ ሣጥኗ ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ የሕዝብ አድራሻ ታወጣለች። መልእክታችሁ ሲወጣ የላኪውን ቦታ በራሷ አድራሻ ትቀይረዋለች፣ የማን እንደነበረ ትመዘግባለች፣ መልሱ ሲመጣ መዝገቧን አይታ ለባለቤቱ ትመልሳለች። ይህ አሠራር «ናት» (NAT) ይባላል። ባለ 128 ቢቱ አዲሱ ዓይነት ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል፤ ሽግግሩ ግን ገና አላለቀም።

ዋይፋይ ላይ አንድ የተስፋፋ ስሕተት አለ። የምልክቱ መስመሮች ሙሉ መሆናቸው የሚናገረው እናንተ ከአክሰስ ፖይንቱ ጋር በደንብ እንደምትሰማሙ ብቻ ነው። ከሣጥኗ ወዲያ ያለው ሽቦ ተቆርጦ ቢወድቅም ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይቀጥላል። ከዚህም በላይ ዋይፋይ ጠባዩ የስዊች ሳይሆን የድሮው ሀብ ነው። አየሩ የጋራ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ይጠብቃል። ሩቅ ጥግ ላይ ያለ፣ በዝግታ የሚናገር አንድ ስልክ የሁሉንም ጊዜ ይበላል። 2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን ጠባብ ነው፣ የማይደራረቡት ቻናሎቹ 1፣ 6 እና 11 ሦስት ብቻ ናቸው፣ ጎረቤት ሁሉ እዚያው ነው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ከቦታው የማይነሳ ዕቃ፣ ዴስክቶፕም ይሁን ቴሌቪዥን፣ በገመድ ይገናኝ። አየሩን ለሚንቀሳቀሱት ተዉላቸው።

ስም ሳይገኝ ሲቀር

የቀረን አንድ ነው። እኛ የድረ ገጽ ስም እንጽፋለን፤ ፓኬት የሚሄደው ግን በቁጥር ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ነው። በፊት የስምና የቁጥር ዝርዝር በአንድ ፋይል ተጽፎ ለሁሉም ይሰራጭ ነበር፤ ኔትወርኩ ሲያድግ ያ አላዋጣም፣ ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራው ለብዙ ሰርቨሮች የተከፋፈለበትን ይህን ሥርዓት ነደፈ። ዲኤንኤስ ሲወድቅ መንገዱ ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አንድም ገጽ አይከፈትም። ስልክ እየሠራ የስልክ ቁጥር እንደማጣት ነው።

እንግዲህ ኔት ሲጠፋ መንገዱን ከቅርብ ወደ ሩቅ ተከተሉት። ገመዷ የተሰካችበት ፖርት ላይ ያለችው መብራት በርታለች? ካልበራች ገመዱ፣ ፖርቱ ወይም ካርዱ ነው፤ ሌላ አትፈልጉ። ከበራች አድራሻችሁን እዩ፤ ዊንዶውስ ላይ አይፒኮንፊግ የሚለው ትእዛዝ ያወጣዋል። በ169.254 ከጀመረ አዳዩ አልደረሳችሁም። ትክክለኛ ከሆነ ጌትዌዩን ፒንግ አድርጉ፤ ፒንግ «አለህ ወይ?» ብሎ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ትእዛዝ ነው። ካልመለሰ ችግሩ በእናንተና በሣጥኗ መካከል ነው። ከመለሰ 8.8.8.8ን ፒንግ አድርጉ፤ ከግቢ ውጭ ያለ፣ ብዙ ጊዜ የሚመልስ አድራሻ ነው። እሱም መልሶ ገጹ ግን ካልተከፈተ የጠፋው ስሙ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ የዲኤንኤስ አድራሻ አስገብታችሁ ሞክሩ።

ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ለአገልግሎት ሰጪው ስትደውሉ «ኔትወርክ የለም» አትሉም። የምትሉት እንዲህ ነው፦ «የፖርቱ መብራት በርቷል፣ አይፒ አግኝቻለሁ፣ ጌትዌዩ በአንድ ሚሊ ሴኮንድ ይመልስልኛል፣ ከእሱ ወዲያ ግን ምንም አይመልስም። መስመሩን ከእናንተ በኩል እዩልኝ።»